ከደቡብ ሱዳን የተመለሰው ነርስ ወንድሜ እንቅልፍ አጣ፤ ምን እናድርግ?

የሽምብጥ ልጅ | ነሐሴ 15፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ ነርስ ነው። ከአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ጋር ደቡብ ሱዳን ሲሠራ ቆይቶ ሰኔ ላይ ተመለሰ። መጀመሪያ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ሕሙማን ክፍል ነበር የመደቡት። ድሮ መተማ አካባቢ ስለሠራ በሽታውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በኋላ ግን በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል አዛወሩት።

የመጣ ሰሞን ቤታችን በሰው ሞላ። እናቴ ዶሮ ሠራች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» እያለ ገባ ወጣ። እሱም ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ለሁሉም ያመጣውን ሰጠ። ደህና ነው ብለን ነበር። እንግዳው ሲቀንስ ነው ነገሩ የጀመረው። ሌሊት አይተኛም፣ በረንዳ ላይ ሲንጎራደድ እሰማዋለሁ። ቀን ቀን መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። ስልክ አያነሳም። የድሮ ጓደኞቹ «ጣና ዳር ወርደን ዓሣ እንብላ» ብለው ቤት ድረስ ቢመጡ አሞኛል ብሎ መለሳቸው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ጤነኛ ልጅ ናት። አቅፎ ሲያጫውታት እጁ ሳያውቀው ወደ ግራ ክንዷ ይሄዳል። ከትከሻዋና ከክርኗ መሃል ላይ በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ዙሪያውን ይይዛታል። ይለቃታል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይይዛታል። አንድ ቀን «ምን እያደረግክ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቀይ አይደለችም» አለኝ። እዚያ የልጆቹን ክንድ በሪባን ነው የሚለኩት፣ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ቀዩ ጋ ያርፋል፣ ቀይ ከሆነ ልጁ በጣም ተጎድቷል ማለት ነው። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ጠይቄ ነው።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ ቡሄ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ጅራፍ እያጮሁ መጡ። ወንድሜ በልጅነቱ በጅራፍ የሚስተካከለው አልነበረም። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲጮህ ከወንበሩ ወርዶ ግድግዳ ሥር ተኮራመተ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ደጃፍ ላይ ቆመው አዩት። እናቴ ሙልሙሉን እንደያዘች አለቀሰች።

አሁን ቤቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። እናቴ ጸበል እንውሰደው ትላለች። አባቴ ሥራ ይግባ፣ ሥራ ሲጀምር ይለቀዋል ይላል። እኔ ሐኪም ይየው ባይ ነኝ። እሱ ደግሞ «እኔው ነርስ ሆኜ፣ አብረውኝ የተማሩት ሰዎች ፊት ሄጄ አመመኝ ልበል?» ይላል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፣ እለምናችኋለሁ።

---

ሞንሮቪያ ነበርኩ | ነሐሴ 15፣ ማታ 4:02

አይዞሽ እህቴ። እኔ በኢቦላ ጊዜ ላይቤሪያ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የአፍሪካ ኅብረት ጥሪ ሲያደርግ ከኢትዮጵያ ወደ 200 የምንጠጋ ባለሙያዎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄድን። ያ ወረርሽኝ ከ11,000 በላይ ሰው ነው የገደለው። ከሞቱት ውስጥ ከ500 በላይ የሚሆኑት እንደኛው የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ወንድምሽ የሆነው ነገር አይገርመኝም።

ሰው እኛን ሲያስበን የሚያስበው ሬሳውንና ደሙን ነው። እሱንማ ከአገራችንም አውቀነው ነው የሄድነው። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነገር ነው። ያ መከላከያ ልብስ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ነው መቆየት የሚቻለው፣ ከዚያ ካለፈ በሙቀት ራስህ ትወድቃለህ። ላቡ ቦቲህ ውስጥ ይንቦጫቦጫል፣ መነጽርህ ጉም ይለብሳል። ሰዓትህ ሲደርስ ጓደኛህ ትከሻህን ነካ አድርጎ «ውጣ» ይልሃል፣ መውጣት አለብህ። ውሃ ስጠኝ እያለህ ያለ በሽተኛ ትተህ ትወጣለህ። ልብሱን አውልቀህ፣ በክሎሪን ታጥበህ፣ አርፈህ፣ ሌላ ልብስ ለብሰህ ስትመለስ አልጋው ባዶ ይሆናል። ማንም ጥፋት አላጠፋም። ደንቡም ልክ ነው፣ እኛን በሕይወት ያቆየን እሱ ነው። ውስጥህ ግን ይህን አይሰማም።

ወንድምሽም አልጋ ሞልቶ የመለሰው ልጅ ይኖራል። ወይ ዛሬ ይሻለዋል ብሎ ተረኛ አስረክቦ ሄዶ ጠዋት ያጣው። እሱን ማንም ቤት ውስጥ አይጠይቀውም፣ ቢጠየቅም ለእናቱ አይናገርም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

እኛ ስንመለስ 21 ቀን ሙቀታችንን እየለካን ነው የቆየነው። ከዚያም በኋላ ሰው እጄን ለመጨበጥ ይሳቀቅ ነበር። በጣም ከፍቶኝ ነበር። የረዳኝ ሁለት ነገር ነው። አብረን የነበርን ልጆች በየሳምንቱ እንገናኝ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ስለ ኢቦላ ሳናወራ ቡና ጠጥተን እንለያያለን፣ ግን አጠገብህ ያለው ሰው ስታፈጥ ለምን እንዳፈጠጥክ ያውቃል። ሌላው አንድ የሳይካትሪ ባለሙያ ጋ መሄዴ ነው። ያፈርኩት እስከ በሩ ድረስ ነበር።

---

ሲስተር ጣና | ነሐሴ 16፣ ጠዋት 1:25

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ከተማ ነው። በጽሑፍ ሰው አይመረመርምና ወንድምሽ ይህ አለበት ብዬ አልደመድምም። የጻፍሽው ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ሰውነቱ ከሐሳቡ ቀድሞ ይሸሸጋል። እጁ ሳያዘው ክንድ ይለካል። ከሰው ይርቃል፣ እንቅልፉ ተገልብጧል። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ወር አልፎ ኑሮን ሲያውክ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ይችላል ብለን እንመረምራለን። ድብርትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ደክሞት ነው» ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። የሥራ መዛል የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፣ በሽታ ግን አላለውም። የደከመ ሰው ሲያርፍ ይሻለዋል። ወንድምሽ ከሰኔ ጀምሮ አርፏል፣ ግን እየባሰበት ነው። ስለዚህ መታየት አለበት።

መመለስ ማለት መዳን እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። ከ19 ድርጅቶች ወደ ውጭ የተላኩ 212 የእርዳታ ሠራተኞችን ሳይሄዱ፣ እንደተመለሱ፣ ከዚያም ከወራት በኋላ ጠየቋቸው። የድብርት ምልክት የነበረባቸው ሳይሄዱ 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሲመለሱ 20 በመቶ ገደማ ሆኑ። ከወራት በኋላም ቁጥሩ ያው ነው፣ አልወረደም። ጭንቀቱ ትንሽ ረገብ ብሏል፣ ድብርቱ ግን እዚያው ቆየ። በዚያው ጥናት ለድብርት ይበልጥ ያጋለጠው አንዱ ትልቅ አደጋ ሳይሆን በየቀኑ የሚጠራቀመው የሥራው ጫና ነበር። ዙሪያው የሚደግፈው ሰው ያለው ደግሞ ይሻላል። ያ ሰው አንቺ ነሽ።

አሁን ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? ቁጭ አድርጋችሁ «ያየኸውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረን» አትበሉት። አንድ ጊዜ ሰብስቦ ሁሉንም ማስወራት ድሮ የተለመደ ነበር፣ እንደማይረዳ ታውቋል፣ አንዳንዱንም ያብስበታል። ማውራት ሲፈልግ ስሙት፣ ሲያቆም ተዉት። የጅራፉን ልጆች ለትንሽ ቀን ሌላ መንገድ ይሂዱ በሏቸው። ጠዋት መጋረጃውን ክፈቱ። አብሮሽ ሐይቁ ዳር ይራመድ፣ ወሬ ሳታበዢ።

መድኃኒት ራሱ ለራሱ እየወሰደ እንደሆነ ጠይቂው። ይሄ የእኛ የሙያ ሰዎች ችግር ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲል ዲያዜፓም ማግኘት ለእኛ ቀላል ነው፣ ለጥቂት ሌሊት ያስተኛል፣ ከዚያ ያለሱ መተኛት ያቅታል። መጠጥና ጫትንም ጠይቂው። ለወባ መከላከያ ምን ይወስድ እንደነበርም እወቂ። ሜፍሎኪን የሚባለው ክኒን ቅዠትና ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስለዚሁ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስገብቶበታል። ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር፣ በቀጥታ ጠይቂው። «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» በዪው። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። አዎ ካለሽ ብቻውን እንዳትተዪው። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቢ። በዚያው ሌሊት ይዘሽው ውጪ፣ የፈለገ ሕይወትም የጥበበ ግዮንም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ይሠራል።

---

ዲዩቲ አዳሪ | ነሐሴ 16፣ ቀን 7:40

ቅር አይበላችሁና የሚሰማኝን ልናገር። እኔም ነርስ ነኝ፣ በመንግሥት ሆስፒታል። እዚያ የሄደው በዶላር ተከፍሎት ነው፣ ፈርሞ ነው፣ ሲበቃውም ተመልሷል። እኛ እዚህ አንድ ሌሊት ዲዩቲ ላይ ለሁለት የማይበቃ ጓንት ይዘን ስንት በሽተኛ እናያለን። በየጊዜው ተኩስ ይሰማል፣ ቁስለኛ ይመጣል፣ ጠዋት ደሞዛችን ለቤት ኪራይ አይበቃም። እኛን ማን ጠየቀን? የሱ ሕመም ሕመም ሆኖ የእኛ ምን ሊባል ነው?

---

የመተማ መንገድ | ነሐሴ 16፣ ቀን 8:15

ወንድሜ ዲዩቲ አዳሪ፣ ያልከው እውነት ነው። ዶላሩ ግን ሌሊት አያስተኛም። ተከፍሎታል ማለት አልታመመም ማለት አይደለም። አንተም አልተከፈለህም ማለት ጠንካራ ነህና እርዳታ አያስፈልግህም ማለት አይደለም።

እኔ ለውጭ ድርጅት የምሠራ የአገር ውስጥ ስታፍ ነኝ። ሱዳን ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲፈነዳ በመተማ በኩል የገባውን ሕዝብ ከተቀበሉት አንዷ ነኝ። አብረውን የሚሠሩት የውጭዎቹ በየተወሰነ ጊዜ ለእረፍት ይወጣሉ፣ ሲጨርሱም የሚያናግራቸው ባለሙያ በስልክ ይጠብቃቸዋል። እኛ ከሥራ ወደ ቤት ነው የምንሄደው፣ ቤታችን ደግሞ እዚያው ነው። ማታ የራሴ አክስት ልጅ ስለ መንገዱ ደኅንነት ይደውልልኛል፣ ጠዋት ያንኑ መንገድ ሸሽቶ የመጣ ሰው አክማለሁ። አለቃዬን ስለ ምክር አገልግሎት ስጠይቅ «እሱ ለኢንተርናሽናል ስታፍ ነው» አለኝ። ድርጅቱን አልጠራም። ግን ይሄ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በዓለም ላይ ከ380 በላይ የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል። ከነሱ አብዛኞቹ በገዛ አገራቸው የሚሠሩ ናቸው። የዓለም የሰብዓዊነት ቀን የሚባለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 ባግዳድ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ ፈንድቶ 22 ሰዎች የሞቱበት ዕለት ነው። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 13 ነው፣ ቡሄ። የሽምብጥ ልጅ ወንድሟ ግድግዳ ሥር የተቀመጠው በዚያው ቀን ነው። ሳነበው ደነገጥኩ።

ስለዚህ አንተም ና፣ እኔም ልምጣ። ሲስተር ጣና፣ በከተማችን ለጤና ሠራተኞች ብቻ የሆነ የመገናኛ ሰዓት ቢኖር የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

---

ዲዩቲ አዳሪ | ነሐሴ 16፣ ማታ 2:05

ገብቶኛል እህቴ። በሱ አልተናደድኩም፣ ስለ እኛ የሚያወራ ሰው ማጣቴ ነው። የሽምብጥ ልጅ፣ ወንድምሽን እግዜር ይማረው። የመገናኛው ሰዓት ከተገኘ እኔ እመጣለሁ።

---

አዲስ ተጓዥ | ነሐሴ 17፣ ጠዋት 3:30

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። እኔ ሚድዋይፍ ነኝ። ለሚሽን ተቀብለውኝ ኮንትራቱ እጄ ላይ ነው፣ ገና አልፈረምኩም። ይሄን አንብቤ ልቤ ከሁለት ተከፈለ። አትሂጂ የሚለኝ ሰው አልፈልግም፣ መሄድ እፈልጋለሁ። ሳልፈርም ምን ልጠይቃቸው?

---

ሞንሮቪያ ነበርኩ | ነሐሴ 17፣ ጠዋት 4:10

ጎሽ፣ ሂጂ። ሥራው ሰው ይፈልጋል። ግን ደሞዝ ከመጠየቅሽ በፊት እረፍቱን ጠይቂ። በየስንት ጊዜው ነው የምትወጪው? ሥራ በዝቷል ተብሎ ይሰረዛል ወይ? ብዙ ሰው የሚሰበረው ያ እረፍት ሲራዘም ሲራዘም ነው። በችግር ጊዜ የምታናግሪው ባለሙያ አለ ወይ፣ አለቃሽ ሳያውቅ መደወል ትችያለሽ ወይ በያቸው። አለቃሽ በሚሰማበት ስልክ ማንም እውነቱን አያወራም። ቋንቋውንም ጠይቂ። በእንግሊዝኛ ታሪክ መውሰድ እንችላለን፣ ልቅሶ ግን በአማርኛ ነው። አማርኛ የሚችል ባለሙያ እንዲፈልጉልሽ ከአሁኑ በጽሑፍ አስገቢው። ደግሞ ስትመለሺ መድኅኑ ለስንት ወር ይቀጥላል? ኮንትራቱ ባለቀ ማግስት የሚቋረጥ ከሆነ ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከላይ ሲስተር የጻፈችውን ጥናት አንብቢ።

ከተመለስሽ በኋላም ወዲያው ሌሊት ተረኛ እንዳትገቢ። ቤተሰብ «ሥራ ያስረሳል» ይላል። ያስረሳል፣ ለጥቂት ጊዜ። የሽምብጥ ልጅ፣ ለአባትሽም ይሄን ንገሪያቸው። ሥራ ይመለስ፣ ግን በቀን ፈረቃ፣ ቀስ ብሎ፣ ከተቻለም መጀመሪያ ሕፃናት ክፍል ሳይሆን።

---

የሽምብጥ ልጅ | ነሐሴ 19፣ ማታ 2:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን አንድ በአንድ ሞከርኩ።

ትናንት ከሰዓት ሐይቁ ዳር ይዤው ወጣሁ። ወሬ አላበዛሁም። ታንኳ ላይ ደንገል የሚጭኑ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱን ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ራሱ ጀመረ። አንዲት እናት መንታ ይዛ መጥታ አንድ አልጋ ብቻ እንደነበረ ነገረኝ። ሌላውን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መንገድ ላይ የሲስተርን ጥያቄ ጠየቅኩት፣ በቀጥታ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ዝም አለ። ከዚያ «መሞት አልፈልግም፣ ግን ባልነቃ የምልበት ጠዋት አለ» አለኝ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ዲያዜፓም ሰጠኝ። ከመጣ ጀምሮ ማታ ማታ ይወስድ ነበር። የወባው መከላከያ ዶክሲ (ዶክሲሳይክሊን) ነው ያለኝ፣ ሜፍሎኪን አልወሰደም።

ይህን ውይይታችንን አስነበብኩት። ስለ ኢቦላው ልብስ የተጻፈውን ሁለቴ አነበበው። ሄዶ ለመታየት እሺ ብሏል፣ ግን አብሮ አደጎቹ የሌሉበት ቦታ ይሁን አለ። ዲያዜፓሙን ዛሬውኑ ላስቁመው ወይ? እናቴም ጸበሉን አልተወችም። እንዲህ ሁለት ቦታ ሲጎተት ይጎዳዋል ብዬ ፈራሁ።

---

ሲስተር ጣና | ነሐሴ 19፣ ማታ 3:15

ጎበዝ ነሽ። ያለሽ ነገር ከባድ ነው፣ ባልነቃ ማለቱን እንደ ቀልድ እንዳታይው። እስኪታይ ድረስ ሌሊት አንድ ሰው አጠገቡ ይተኛ። ቃሉ ከተለወጠ፣ ወይ መንገዱን ማሰብ ከጀመረ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ይዘሽው ነይ።

ዲያዜፓሙን በአንዴ አታስቁሚው። ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣበት ይችላል። አንቺ ያዢው፣ የሚወስደውን ያህል ብቻ ማታ ስጪው፣ እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይወስናል። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ቢጀምርለት፣ የድብርት መድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲንም ሰርትራሊንም ቢሆኑ፣ ሥራው የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ እንዳይተወው። ዋናው ግን የንግግር ሕክምናው ነው።

ስለ እናትሽ፣ ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም። ወደ እኛ የሚመጡት ብዙዎቹ ሁለቱንም ነው የሚያደርጉት። ሁለት ነገር ብቻ ለምኛቸው፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ በጾምና በእንቅልፍ እጦት እንዳይዳከም። የነፍስ አባቱም ቢያናግሩት ደስ ይለኛል። ልጁን ትቼ ሄድኩ የሚለው ስሜት ከሐኪም ሌላ የሚያዳምጠው ሰው ቢያገኝ አይጎዳውም።

አብሮ አደጎቹን በተመለከተ፣ በውስጥ መስመር ጻፍኩልሽ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፣ ወንድምሽን አያውቀውም። ሰኞ ጠዋት 2:30 ኑ። የሚወስደውን ነገር ሁሉ ከነማሸጊያው ያምጣ። አንቺ መጀመሪያ ገብተሽ ያየሽውን ተናገሪ፣ ከዚያ ውጪ፣ ብቻውን ያናግረው። እናትሽንም ይዘሻት ነይ። እሷን እኔ አናግራታለሁ።

የመተማ መንገድና ዲዩቲ አዳሪ፣ የመገናኛውን ሰዓት ጉዳይ ለኃላፊዬ አንስቼዋለሁ። ክፍል እስኪሰጡን ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እዚሁ ግቢያችን ካለው ዛፍ ሥር እንጀምር ብለውኛል። ሞንሮቪያ፣ አንተም ብትመጣ ጥሩ ነው።

---

ሞንሮቪያ ነበርኩ | ነሐሴ 19፣ ማታ 3:22

እመጣለሁ። ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።